ስም የሌለው ቱቦ

አብነት ያደገ ልጅ ወንዝን መጀመሪያ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ከሰፈራችን ቁልቁል ወርዳችሁ ድልድዩ ላይ ስትቆሙ ከሥር የሚያልፈው ውኃ ከትንሿ አቃቂ ገባሮች አንዱ ነው። ልጅ ሆነን ግን ይህን ስም የነገረን ሰው አልነበረም፤ «ቆሻሻው ወንዝ» ነበር የምንለው። ማታ ማታ ቀለሙን ይቀይራል። ጠዋት ለትምህርት ስንወጣ «ዛሬ ምን ለብሷል?» እየተባባልን እናየው ነበር፤ አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ የሻይ ቀለም፣ አንዳንዴ ነጭ አረፋ። ኳስ ከገባበት ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የደረሰው ልጅ ገብቶ ያወጣታል፣ ሌሊቱን እግሩን ሲያክ ያድራል።

ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣኝ ግን ትዝታ ሳይሆን አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የፋብሪካ ፍሳሽ የላቦራቶሪ ውጤቶችን ወደ ዳታቤዝ የማስገባት ትንሽ ሥራ ተሰጠኝ። የፋብሪካዎቹ ስም ተነሥቶ በኮድ ተተክቷል። እኔም እንደማንኛውም ዴቨሎፐር ቁጥሮቹን ከማየቴ በፊት የጎደለ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ናሙና የተወሰደበት ሰዓት የሚል ዓምድ ነበረ። በሰዓት ቅደም ተከተል ደረደርኩት። ሁሉም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ ሁሉም ከሰኞ እስከ ዓርብ። አንድም የሌሊት ናሙና የለም፣ አንድም የእሑድ የለም። ወንዙ ቀለሙን የሚቀይረው መቼ እንደሆነ እኛ ሰፈር የ8 ዓመት ልጅ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጎቹን ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ ሕጉ የለም ብዬ ነበር የማስበው። ተሳስቻለሁ፤ ሞልቷል።

ከወንዙ ልጀምር። ትንሿ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ተነሥታ ምዕራቡን ይዛ ትወርዳለች፤ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ነው። ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸዋል። አባ ሳሙኤል የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነበር፣ 6.6 ሜጋ ዋት። ብዙ ዓመት ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናዎች ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። በመሃሉ ግን ግድቡ ሌላ ሥራ ሲሠራ ነው የኖረው፤ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ሲቀበልና እምቦጭ ሲያበቅል። እምቦጭ የጣና ጣጣ ብቻ የሚመስለው ሰው አባ ሳሙኤልን ሄዶ ይይ።

ፋብሪካዎቹ ወደ ወንዙ የመጡት በክፋት አይደለም። ቢራ ያለ ውኃ አይጠመቅም፣ ጨርቅ ያለ ውኃ አይነከርም፣ ቆዳ ያለ ውኃ አይለፋም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲቋቋም፣ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የቆዳ ፋብሪካዎች ከጣሊያን ወረራ በፊት ሲከፈቱ፣ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፣ ወንዙም ያኔ የሚችለው ነበር። ከተማዋ ስታድግ ወንዙ አላደገም።

ቆዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የመርካቶ ልጅ ስለሆንኩም ጭምር። ጥሬ ቆዳ ፋብሪካ ሲገባ በጨው የታሸ ነው። ጨው ይታጠባል፤ ይሄ አንድ ፍሳሽ። ከዚያ ኖራና ሰልፋይድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ፀጉሩ እንዲለቅ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ከዚያ ትልልቅ ከበሮዎች ውስጥ ከክሮም ጋር ይሽከረከራል፤ ሲወጣ ሰማያዊ ነው፣ በንግዱ ቋንቋ «ዌት ብሉ» ይሉታል። ክሮሙን ቆዳው ሁሉንም አይጠጣውም። በከበሮው ውስጥ የሚቀረው ውኃ በሊትር በግራም የሚቆጠር ክሮም ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክሮም ግን በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። ከግራም ወደ 2 ሚሊ ግራም ለመውረድ የክሮሙን ውኃ ለብቻ መያዝ፣ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩን ደግሞ የሆነ ቦታ መጣል ያስፈልጋል። ሁሉም ገንዘብ ነው። በአንጻሩ የሌሊቱን ቧንቧ መክፈት ነጻ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፦ ደረጃው «በሊትር» ስለሆነ ንጹሕ ውኃ ጨምሮ ማቅጠን። ወንዙ የሚጠጣው ክሮም መጠን ያው ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን አልፈሃል።

አሁን ወደ ሕጉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 9/1987 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ያልተጣራ የኢንዱስትሪ ፍሳሽ ወደ ውኃ መልቀቅን ከለከለ። ከዚያ በ1995 ዓ.ም. ዋናው መጣ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 519 ብክለትን እስከ 5 ዓመት፣ ከባድ ጉዳት ካደረሰም እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

በ300/1995 ውስጥ አንቀጽ 11ን ሳነብ እውነቴን ነው ከወንበሬ ተነሣሁ። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በግል እንደሚነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ አካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንኛውም ሰው! የአብነት ልጅም፣ የመቀሌ ልጅም። በብዙ አገር እንዲህ ያለ በር በክርክር ነው የተከፈተው፤ እኛ ዘንድ አዋጁ ራሱ ከፍቶ አስቀምጦታል።

ቅጣቱን ስታዩ ግን ትቀዘቅዛላችሁ። አዋጁ የተለየ ቅጣት ላላስቀመጠለት ጥፋት ድርጅት የሚቀጣው ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ነው። አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ለማቆም ሚሊዮኖች ይወጣል፣ በየቀኑ ኤሌክትሪክና ኬሚካል ይበላል። እኔ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ብሆን ቅጣቱን እንደ ወጪ ነው የምመዘግበው።

በበሩ ለመግባት የሞከረ ነበረ። አፓፕ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሐሳቡ ቀጥተኛ ነበር፤ ሕጉ ቁጥጥሩን ለአንተ ሰጥቶሃል፣ ወንዞቹ እየተበከሉ ነው፣ ለምን ዝም አልክ? ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. ክሱን ውድቅ አደረገው። ባለሥልጣኑ በካዩ አይደለም፣ ተከሳሽ ሊሆን አይገባም ነው ነገሩ። ይግባኙም ውጤቱን አልቀየረውም። ሕግ የተማሩ ጓደኞቼ በዚህ ጉዳይ እስካሁን ይከራከራሉ። እኔን የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ መክሰስ ከፈለግህ ቱቦው የማን እንደሆነ ስሙን ይዘህ ና።

ከዚያ 19 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ኤም. ሲ. መህታ የሚባል ጠበቃ በካንፑር ከተማ ጋንጅስ ወንዝ ዳር ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎችን ጉዳይ ይዞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ ያላቆመ ፋብሪካ ይዘጋ አለ። «አቅም የለንም» ለሚሉት የሰጠው መልስ በእኔ አነጋገር እንዲህ ነው፤ ለሠራተኛው ዝቅተኛውን ደመወዝ መክፈል የማይችል ፋብሪካ መኖር እንደማይችል ሁሉ ማጣሪያ ማቆም የማይችልም መኖር አይችልም። ጋንጅስ ጸዳ ወይ? አልጸዳም። እዚያም የሌሊት ቧንቧ አለ። ግን ጥያቄው ቢያንስ ከ«ማንን ልክሰስ» አልፎ «ማጣሪያው ይሠራል ወይ» ላይ ደርሷል።

እኛ ጋ ደግሞ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት በጥሬና በከፊል ያለፋ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ጥሬውን ከመላክ እዚሁ ጨርሰን ጫማና ቦርሳ አድርገን እንላከው ነው። ትርጉሙ ግን ሥራው ሁሉ፣ ኬሚካሉም ሁሉ፣ እዚህ ይሁን ማለትም ነው። በቀጣዩ ዓመት የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል ደንብ ቁጥር 159/2001 ወጣ። ደንቡ ነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እንዲያሟሉ የ5 ዓመት እፎይታ ሰጠ። አንዱ እጅ ብዙ ቆዳ አልፋ ይላል፣ ሌላው እጅ ለ5 ዓመት አልነካህም ይላል። እፎይታው በ2006 አለቀ። ቁጥጥር የሚያደርገው መሥሪያ ቤት ግን በዚያው ሰሞን ራሱ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ባለሥልጣን የነበረው ሚኒስቴር ሆነ፣ ሚኒስቴሩ ስሙን ቀየረ፣ ከዚያ ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። አንድ ሶፍትዌር በ8 ዓመት 4 ጊዜ ስሙ ተቀይሮ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ስሙ ቢመለስ እኛ ቢሮ «የድሮው ዳታ የት ገባ?» ነው የሚባለው።

ውኃው በበኩሉ ስም አይጠብቅም። ከሜክሲኮ በታች፣ በመካኒሳ፣ በጎፋ፣ በቄራ በኩል ገበሬዎች በወንዙ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ሲያጠጡ ኖረዋል። ተመራማሪው ፍሰሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት በቄራና በፒኮክ እርሻዎች የበቀሉትን ቅጠላ ቅጠሎች መርምሯል። ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረት ይሰበስባል። እናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ቆስጣውን ማን ይብላው?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ባለፈው ዓመት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የከተማው አስተዳደር የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017ን አወጣ። ቅጣቱ ለድርጅት እስከ 1 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። የደንብ ማስከበር ሰዎችም መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከ20,000 ወደ 1 ሚሊዮን፤ አሁን የሒሳብ ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ያስባል። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ክሮም በዓይን አይታይም። ባለ ዩኒፎርሙ ሰው የመጸዳጃ ቤት ቱቦ ወንዝ ሲገባ አይቶ ሊቀጣ ይችላል፤ ፍሳሹ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ይሁን 40 የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ከፍሳሽ መለኪያዎች አንዱ፣ ባዮሎጂካል ኦክስጅን ፍላጎት የሚባለው፣ ውጤቱ የሚወጣው በ5 ቀን ነው። ናሙናውም አንዴ የተቀዳ ጠርሙስ ከሆነ የሚነግርህ ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው። 24 ሰዓት እየቆየ የሚቀዳ መሣሪያ ቱቦው አፍ ላይ ካልተቀመጠ የእኔ ኤክሴል ያው የቀን ኤክሴል ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ሰፈር ላሉ አንድ ጫማ ሠሪ አወራኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ የልጅነት ጫማዬን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። መርፌያቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ቆዳ ፋብሪካው ሲዘጋ እኔ ምን ልሰፋ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይዘጋ አላልኩም። ያጣራ ነው ያልኩት።»

«ማጣሪያውን በማን ላይ የሚጨምረው ይመስልሃል? በእኔ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በማን ላይ ልጨምር? የቻይናው ጫማ እዚያ ማዶ ተደርድሯል።»

ትክክል ናቸው። ቆዳ ፋብሪካዎቹን ሞጆ ላይ ሰብስቦ በአንድ የጋራ ማጣሪያ ለማገልገል የታሰበው የቆዳ ከተማ ዕቅድ መነሻው ይኸው ነው፤ ብቻውን የማይቻለውን ወጪ መከፋፈል። ዕቅዱ ከተነገረ ዓመታት አልፈዋል።

ጋሼ ሊሸኙኝ ሲነሡ ግን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው «ያቺ ከድልድዩ በታች ያለችው ቱቦ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የምትለቀው» አሉኝ። «እንቅልፍ ስለሌለኝ አውቃለሁ።»

ሄጄ አየኋት። ወፍራም የሲሚንቶ ቱቦ ናት፣ ግማሽዋ አፈር ውስጥ። 3 ሌሊት ቆሜ ጠብቄ በ2ቱ አየሁ፤ ከ9 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሞቅ ያለ እንፋሎት ያለው ጥቁር ውኃ ለ40 ደቂቃ ያህል ወረደ። ቪዲዮ ቀረጽኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። በአንቀጽ 11 መሠረት አቤቱታ ጽፌ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይዤ ሄድኩ። ፀሐፊዋ ትሕትና ያላት ልጅ ናት፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ፎርም አወጣችልኝ። 3ኛው መስመር ላይ «አቤቱታ የቀረበበት ድርጅት ስም» ይላል።

«አላውቀውም። ቱቦዋን ነው የማውቀው» አልኳት።

«ስም ከሌለው መዝገብ አይከፈትም፣ ወንድሜ።»

መዝገብ ካልተከፈተ 30ው ቀን መቆጠር አይጀምርም። ቱቦዋን ወደ ላይ ተከተልኳት፤ አንድ አጥር ሥር ገባች፣ ከአጥሩ ማዶ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ 5 ግቢዎች አሉ። ከአምስቱ 2ቱ ታፔላ የላቸውም። ጋሼ የአንዱን ግቢ ዘበኛ ያውቁታል፤ ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረናል።