የማር ንብ የብናኝ አሰባሰብና አያያዝ

የማር ንብ የብናኝ አሰባሰብና አያያዝ ሠራተኛ ንቦች ከአበቦች ላይ ብናኝ (የአበባ ዱቄት ወይም ፖለን) ቀስመው፣ በኋላ እግሮቻቸው ተሸክመው ወደ ቀፎ የሚያስገቡበት፣ የሚያከማቹበትና ለምግብነት የሚያውሉበት ሂደት ነው። ብናኝ የተክሉን የወንዴ ዘር የሚይዝ ደቃቅ ቅንጣት ነው። የአበባ ፈሳሽ (ኔክታር) እና ከእሱ የሚሠራው ማር ለንቦች የኃይል ምንጭ ሲሆኑ፣ ብናኝ ደግሞ ፕሮቲን፣ ስብ፣ ቫይታሚንና ማዕድን የሚያገኙበት ምግብ ነው። ስለዚህ ማር የሞላበት ቀፎ እንኳ ብናኝ ካጣ ተተኪ ንቦችን ማሳደግ አይችልም።

አሰባሰብ

የንብ ሰውነት ቅርንጫፍ ባላቸው ደቃቅ ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። ንቧ አበባ ውስጥ ስትገባ ብናኙ በእነዚህ ፀጉሮች መካከል ይያዛል። በተጨማሪም ንቧ በምትበርበት ጊዜ ሰውነቷ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስለሚይዝ፣ ብናኙ ገና ሳትነካው ወደ እሷ ሊሳብ ይችላል።

ቀሳሚዋ ንብ ብናኙን ሰብስባ የምትጭነው አብዛኛውን ጊዜ ከአበባ ወደ አበባ በምትበርበት ወቅት ነው። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል፦

1. በፊት እግሮቿ ከጭንቅላቷና ከአፏ አካባቢ ያለውን ብናኝ ትጠርጋለች። ከሆዷ ባወጣችው የአበባ ፈሳሽ ወይም ማር ታረጥበዋለች።
2. በመካከለኛ እግሮቿ ከደረቷ ላይ ያለውን ጠርጋ፣ ከፊት እግሮቿ የተረከበችውንም ጨምራ ወደ ኋላ እግሮቿ ታስተላልፋለች።
3. በኋላ እግሮቿ የውስጥ ገጽ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ጠንካራ ፀጉሮች አሉ። ብናኙ በእነዚህ ላይ ይከማቻል። ከዚያም አንዱ እግር በሌላው ላይ ያለውን እንደ ማበጠሪያ ይፍቀዋል።
4. የተፋቀው ብናኝ እግሩ በሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል። መገጣጠሚያው ሲዘጋ ብናኙን ጨምቆ ወደ ውጪኛው የእግሩ ገጽ ይገፋዋል።

በውጪው ገጽ ላይ ዙሪያውን በረጃጅም ፀጉሮች የታጠረ ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ይህ ስፍራ የብናኝ ቅርጫት (ኮርቢኩላ) ይባላል። ብናኙ ከሥር እየተገፋ ሲጨመርበት ኳስ መሰል ጭነት ይሆናል። ንቧም በመካከለኛ እግሮቿ መታ መታ እያደረገች ታጠብቀዋለች። የሁለቱ እግሮች ጭነት በአንድነት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ይመዝናል። የንቧ የራሷ ክብደት ደግሞ ወደ 100 ሚሊግራም ገደማ ነው።

አንዲት ንብ በአንድ ጉዞ በአብዛኛው የምትቀስመው ከአንድ ዓይነት ተክል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በእግሯ ላይ ያለው ጭነት አንድ ዓይነት ቀለም ይኖረዋል። ቀለሙ እንደ ተክሉ ዓይነት ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ጠባይ ለተክሎችም ይጠቅማል፤ ብናኙ ወደ ራሱ ዓይነት አበባ ስለሚደርስ ርክበ ብናኝ ይሳካል።

በቀፎ ውስጥ

የአበባ ፈሳሽ ያመጣች ንብ ጭነቷን ለሌላ ንብ አፍ ለአፍ ታስረክባለች። ብናኝ ያመጣችው ግን ጭነቷን የምታራግፈው ራሷ ናት። ተስማሚ የሰም ክፍል ፈልጋ የኋላ እግሮቿን ወደ ውስጥ ታስገባና ጭነቱን በመካከለኛ እግሮቿ ገፍታ ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ሥራው የቀፎ ውስጥ ንቦች ነው። እነሱ ጥቅሉን በመንጋጋቸው ሰብረው፣ ከማርና ከምራቃቸው ጋር ለውሰው፣ በጭንቅላታቸው እየገፉ ክፍሉ ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ክፍሉ እስከ አፉ አይሞላም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ከላዩ ማር ይደረግበታል።

ብናኝ የያዙት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ እጮች በሚያድጉበት ስፍራ ዙሪያ እንደ ቀበቶ ይሆናሉ፤ ማሩ ከእነሱ ባሻገር ይገኛል። ይህም መጋቢዎቹ ምግቡን በቅርብ እንዲያገኙ ያደርጋል።

በዚህ መንገድ የተዘጋጀው ብናኝ የንብ ዳቦ ይባላል። አሲዳማ መሆኑና የማሩ ስኳር እንዳይበላሽ ይረዱታል። ቀደም ሲል ብናኙ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ቦክቶ የበለጠ ገንቢ ምግብ ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን በተከማቸ ብናኝ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ጥቂት እንደሆኑና ንቦችም ትኩሱን ብናኝ አስቀድመው እንደሚበሉ አሳይቷል። በዚህ መሠረት የዝግጅቱ ዋና ጥቅም ብናኙን ከብልሽት መጠበቅ ነው።

የንብ ዳቦውን በብዛት የሚበሉት ሞግዚት ንቦች ናቸው። እነዚህ ገና ለቅስም ያልወጡ ወጣት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ብናኙን ፈጭተው በጭንቅላታቸው ውስጥ ካሉ ዕጢዎች ገንቢ ፈሳሽ ያመነጫሉ። በዚህ ፈሳሽ እጮችንና ንግሥቲቱን ይመግባሉ።

መጠኑን መቆጣጠር

አንድ ጠንካራ ሕብረ ንብ (በአንድ ቀፎ የሚኖር የንብ ቤተሰብ) በዓመት 20 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ብናኝ ሊጠቀም ይችላል። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚያከማቸው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። እጮች ሲበዙ የሚያመነጩት ጠረን ቀሳሚዎችን ለብናኝ ፍለጋ ያነሣሣል። ክምችቱ ሲሞላ ደግሞ ብናኝ የሚያመጡት ንቦች ቁጥር ይቀንሳል።

የብናኝ እጥረት

ብናኝ ሲጠፋ ሞግዚቶቹ በመጀመሪያ የራሳቸውን ሰውነት ክምችት ይጠቀማሉ። እጥረቱ ከቀጠለ ንግሥቲቱ የምትጥለው እንቁላል ይቀንሳል። ንቦቹም እንቁላሎችንና ገና የተፈለፈሉ እጮችን ይበላሉ። በዚህ መንገድ ያለውን ጥቂት ፕሮቲን በዕድሜ ከፍ ላሉት እጮች ያውሉታል። በእጥረት ያደጉ ንቦች አነስተኛና ዕድሜያቸው አጭር ይሆናል። የስኳር ውኃ ብቻ መስጠት ይህን ችግር አይፈታም፤ ስኳር ፕሮቲን የለውምና።

የብናኙ ዓይነትም ወሳኝ ነው። የፕሮቲን መጠኑ ከተክል ተክል በእጅጉ ይለያያል፣ አንዱ ተክልም ንቦች የሚያስፈልጓቸውን ንጥረ ነገሮች በሙሉ ላይዝ ይችላል። ስለዚህ የተለያዩ አበቦች ያሉበት አካባቢ ለንቦች የተሻለ ነው። የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል የነካው ብናኝ ደግሞ ቀፎ ውስጥ ከገባ በኋላ እጮችንና ሞግዚቶችን ሊጎዳ ይችላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አበባ በብዛት ይገኛል። አደይ አበባ፣ መች፣ ኑግና ባቄላ በዚህ ወቅት ንቦች የሚቀስሟቸው ናቸው። በቆሎ በነፋስ የሚራከብ ተክል ቢሆንም ንቦች ብናኙን ይሰበስባሉ። የአረም ማጥፊያ ኬሚካል በማሳ ዳር የሚበቅሉትን እንደ መች ያሉ ተክሎች ሲያጠፋ የንቦቹም ምግብ አብሮ ይጠፋል።

አበባ በማይገኝበት ወቅት አንዳንድ ንብ አናቢዎች ለንቦቻቸው ሽሮ ወይም በሶ ይሰጣሉ። የጥራጥሬና የእህል ዱቄት ለጊዜው የብናኝን ቦታ ሊሸፍን ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይተካውም።

የሰው አጠቃቀም

ሰዎች ብናኝ የሚሰበስቡት በቀፎ መግቢያ ላይ በሚገጠም ወጥመድ ነው። ወጥመዱ ንብ የምታልፍባቸው፣ ወደ 5 ሚሊሜትር የሚጠጉ ቀዳዳዎች አሉት። ንቧ ስትሾልክ ከጭነቷ ከፊሉ ተራግፎ ወደ መያዣ ይወድቃል። ወጥመዱ ያለ ዕረፍት ከተተወ እጮቹን ስለሚያስርብ በየተወሰነ ቀን መነሣት አለበት። የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ምርት መመገብ አደገኛ ሊሆንበት ይችላል።

የዕውቀቱ ታሪክ

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ንቦች በአንድ ጉዞ ወደ አንድ ዓይነት አበባ እንደሚመላለሱ ጽፏል። ጭነቱ ከፊት እግር ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ኋላ እግር እንደሚተላለፍም ገልጿል። ነገር ግን ጭነቱን ሰም አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ሰም በእርግጥ የሚመነጨው ከንቦች ሆድ ሥር ካሉ ዕጢዎች ነው።

ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በበኩሉ ንቦች የአበባ ፈሳሽ ሲያገኙ ክብ ጭፈራ፣ ብናኝ ሲያገኙ ደግሞ የመወዛወዝ ጭፈራ ያሳያሉ ብሎ አስቦ ነበር። በኋላ ግን የጭፈራዎቹ ልዩነት ከምግቡ ዓይነት ሳይሆን ከርቀቱ የመጣ መሆኑን ተገንዝቦ የራሱን ሐሳብ አርሟል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆኗል።