ጆንያው ጅማ፣ ሽያጩ አዲስ አበባ

ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው ቃል ለጆሮ ይከብዳል። ነገሩን ለአንድ የጅማ ቡና ነጋዴ ብታስረዱት ግን ከአንዳንዱ የኮምፒውተር ተመራቂ ቀድሞ የሚገባው ይመስለኛል። ለምን? እስቲ ከገበያው ታሪክ እንጀምር።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ ዋነኛ መናኸሪያ ነበር። ያኔ ንግድ ማለት ዕቃን ይዞ መሄድ ነው። ሲራራ ነጋዴው በበቅሎ ጭኖ ይመጣል፤ ገዢው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይገዛል። በኋላ በቅሎው በመኪና ተተካ እንጂ ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። ከጎማ፣ ከማናና ከሊሙ የተሰበሰበው ቡና በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለጨረታ ይሰለፍ ነበር።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ቡናም ወደ ገበያው ገባ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አቅራቢው ቡናውን ጅማ ባለው መጋዘን ያስረክባል። ቡናው ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰድለታል፣ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ጆንያው ሳይሆን በኮምፒውተር የተመዘገበው የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ቡናው ካለበት ሳይነቃነቅ ባለቤቱ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በጥሪና እጅ ለእጅ በመማታት ይካሄድ የነበረው ግብይት ራሱ ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀመረ። ዛሬ ሕጉ ተሻሽሎ ቡናው ሁሉ በዚህ በር ማለፉ ቀርቷል፤ ሐሳቡ ግን አገር ለምዶታል።

ቨርቹዋላይዜሽንም ከዚህ አይርቅም፦ ኮምፒውተሩን ከብረቱ መለየት ነው። የአንድን ሰርቨር ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ዲስክ ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ያከፋፍለዋል። በውስጡ ብዙ “ኮምፒውተሮች” ይኖራሉ፤ እያንዳንዱም ብቻውን ያለ ይመስለዋል። ተጠቃሚው የሚጠይቀው መጠንና ደረጃ ነው፤ “የትኛው ብረት ላይ?” አይልም።

ሐሳቡ የእጥረት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኮምፒውተር እጅግ ውድ ስለነበር የአይቢኤም ባለሙያዎች አንዱን ማሽን ለብዙ ሰው የሚያካፍሉበትን ዘዴ ፈጠሩ፤ በ1972 ቪኤም/370 ብለው ለገበያ አቀረቡት። ኮምፒውተር ሲረክስ ነገሩ ገሸሽ ተደረገ። በ1999 ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በተራው ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርጎ መለሰው። በ2007 ደግሞ ኬቪኤም ሊኑክስ ውስጥ ተካቶ ለሁሉም በነፃ ደረሰ።

በዚያው በ1999 ማብቂያ፣ በእኛ ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም.፣ የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ኢንተርኔት አገራችን ከገባ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ይማራሉ። ሲመረቁስ? ብዙው ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አዲስ አበባ። ልክ እንደ ጥሬ ቡና፤ የሚቆላውም የሚያተርፈውም ሌላ ቦታ።

ግን ጆንያው ከጅማ ሳይወጣ መሸጥ ከቻለ፣ ሙያስ ለምን አይችልም? ይችላል፤ እንደ ደረሰኙ ከሆነ ነው ታዲያ። ደረሰኙን ዋጋ የሰጠው ወረቀቱ አይደለም፤ ከኋላው መጋዘን፣ በመጋዘኑ ውስጥም ተቀምሶ ደረጃ የወጣለት ቡና መኖሩ ነው። ዲግሪም ደረሰኝ ነው። ከኋላው ተቀምሶ የሚታይ ሥራ ከሌለ ገዢ የለውም።

መቅመሻው ደግሞ ቅርብ ነው። ስምንት ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ሦስት ትንንሽ የሊኑክስ ማሽኖችን ይሸከማል። በነፃ በሚገኘው ቨርቹዋልቦክስ አንዱን የድረ ገጽ ሰርቨር፣ አንዱን የመረጃ ቋት፣ አንዱን ፋየርዎል አድርጉት። አበላሹት፣ ወደ ነበረበት መልሱት፣ እንዴት እንደመለሳችሁት ጻፉ። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት እንኳ አይጠይቃችሁም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ሥራው ባሕር ማዶ ላለ ሰው የተንጠለጠለ ተጎዳ፤ ቤተ ሙከራው ጠረጴዛው ላይ የነበረ ግን መብራት እስካለ ድረስ መማር ይችል ነበር። ከርቀት መሥራትን እንደ ብቸኛ መዳኛ ለምትሰብኩልን ይህች ትታወስ። የጅማ ባንኮች፣ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲውም ሰርቨር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።

አንድ ምክር ልጨምር፦ ለኩባንያ ስም አትማሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ብሮድኮም ቪኤምዌርን ገዝቶ አንዴ ተከፍሎበት የሚያዘውን ፈቃድ አስቀረ፤ ብዙ ድርጅቶችም ሌላ አማራጭ መፈለግ ጀመሩ። ያን ጊዜ ቁልፉን የት እንደሚጫን ብቻ ያጠና ተቸገረ፤ ሐሳቡን ያወቀ ተሻገረ። የቡና ነጋዴው ከበቅሎ ወደ መኪና፣ ከጨረታ ወደ ደረሰኝ የተሻገረው ቡናን ስለሚያውቅ ነው።

የእናንተስ መጋዘን ውስጥ ምን አለ?