የእጅ ንዝረት ሕመም፦ ሞተር ሳይክሉ ከቆመ በኋላ የሚቀር መደንዘዝ

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ተነስቶ በፃግብጂ ቀበሌዎች የሚዞር የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ማራገፍ ነው። ጣቶቹን ውርር ያደርገዋል፤ ኪሱ ውስጥ ሲገቡ ቁልፉን ከሳንቲሙ አይለዩም። ጥቂት ቆይቶ ይለቀዋል። ስለዚህም ማንም ሕመም አይለውም፤ ድካም ነው፣ ብርድ ነው፣ መንገዱ ነው ይባላል። መንገዱ የሚለው እንኳ ሐሰት አይደለም።

በሕክምናው ግን ለዚህ ነገር ስም ወጥቶለታል፦ ሃንድ-አርም ቫይብሬሽን ሲንድረም፣ ባጭሩ ሃቭስ። የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ወይም መሪ ለረጅም ጊዜ ከመጨበጥ የሚመጣ የነርቭ፣ የደም ሥር፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳት ነው። በአማርኛ «የእጅ ንዝረት ሕመም» ማለት ይበቃል። ቃል በቃል ከተሄደ «የእጅና የክንድ ንዝረት የሕመም ምልክቶች ስብስብ» ይሆናል፤ ይህን ካርድ ላይ የሚጽፍ ሐኪምም ሆነ ጋራዥ ውስጥ የሚናገር መካኒክ አይገኝም። ክንዱም ቢሆን አልቀረም፤ በአማርኛ እጁን አመመው ሲባል እስከ ትከሻ ሊደርስ ይችላል።

ሕመሙ መጀመሪያ የታወቀው በድንጋይ ሠሪዎች ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጆቫኒ ሎሪጋ እ.ኤ.አ. በ1911 በአየር ግፊት መዶሻ የሚሠሩ ሰዎች ጣት ደም እንደሚያጥረው ጻፈ። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሐኪም አሊስ ሃሚልተን በኢንዲያና ግዛት፣ በቤድፎርድ የኖራ ድንጋይ ጠራቢዎችን መርምራ ተመሳሳይ ነገር አገኘች፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ጣታቸው ይነጣል፣ ይደነዝዛል። ከዚያ ወዲህ ነው «ነጭ ጣት» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የተለመደው።

ይህን ስም ወደ አማርኛ ማምጣት ግን አይጠቅምም። ስሙን ያወጡት ቀላ ያለ ቆዳ ያዩ ሰዎች ናቸው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደም የሸሸው ጣት የሚነጣው ጎልቶ ሳይሆን አመድማ መስሎ ነው፤ ለውጡ የሚታየው በጣቱ የውስጥ ገጽና በጥፍሩ ሥር ነው። «ነጭ ጣት» የተባለ በሽታ እንዳለ የሰማ የዋግ ሞተረኛ የራሱን እጅ አይቶ «እኔን አልያዘኝም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። መደንዘዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ሳይለወጥም ይመጣል።

ሞተር ሳይክል ከድንጋይ መዶሻ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጃፓን ፖስታ የሚያድሉ ሠራተኞችና የትራፊክ ፖሊሶች ቀኑን በሞተር ሳይክል ስለሚውሉ ተመራማሪዎች እጃቸውን መርምረዋል፤ የጣት መደንዘዝም ተገኝቶባቸዋል። እነሱ የሚነዱት በአስፋልት ነው። የዋግ ኽምራ ሞተረኛ አብዛኛው መንገዱ ጠጠርና ኮረኮንች ነው፤ ሰቆጣ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ናትና የጠዋቱ ብርድ ይጨመርበታል።

ንዝረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመንገድ የሚመጣው ዝግ ያለና ከባድ መንገጫገጭ ሲሆን አንጓን፣ ክርንንና ትከሻን ያደክማል። ሁለተኛው ከሞተሩ የሚመጣው ፈጣን ንዝረት ነው። በእኛ አገር የተለመዱት አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ባለ አንድ ፒስተን ናቸው፤ ፒስተኑ ወጥቶ ሲወርድ የሚመዝነው ጓደኛ የለውም። በደቂቃ 6 ሺህ ጊዜ የሚዞር ሞተር መሪውን በሰከንድ 100 ጊዜ፣ በሰዓት 360 ሺህ ጊዜ ያናውጠዋል። የጣት ሥጋ ይህን ውጦ ያስቀራል፤ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎችና የደም ሥሮች የሚጎዱትም እዚያው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ በ8 ሰዓት ሥራ አማካይ ንዝረቱ 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ5 ደግሞ እንዳያልፍ ደንግጓል። በመሪው ላይ ያለው ንዝረት 5 ከሆነ የመጀመሪያው መጠን በ2 ሰዓት ጉዞ ይሞላል ማለት ነው።

የደነዘዘው የትኛው ጣት እንደሆነ ማወቅ ብዙ ይናገራል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሐል ጣት ከሆኑ በእጅ አንጓ መሐል የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ይሆናል፤ አንጓው ታጥፎ መንዳት ይህን ያባብሳል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ደግሞ ምክንያቱ መዳፍን በትንሿ ጣት በኩል መሪው ላይ አስደግፎ መጫን ሊሆን ይችላል። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን መያዣ ብሎን አላልቶ፣ ክንድና የእጅ ጀርባ ቀጥ እስኪሉ ማዞር ገንዘብ አያስወጣም፤ ብዙ ሞተረኛ ግን ከሱቅ እንደወጣ ትቶት ይነዳዋል።

ከሁሉ የሚብሰው አጥብቆ መጨበጥ ነው። መሪው ይበልጥ በተጨበጠ ቁጥር ንዝረቱ ወደ እጅ አብዝቶ ያልፋል። በሁለት ጉልበት ሞተር ሳይክሉን ጨብጦ፣ በኮረኮንች ላይ መርገጫው ላይ ቆም ብሎ እጅን ማላላት ይረዳል። መጨበጫው ላይ ላስቲክ መደራረብም የተለመደ ነው፤ ጥቂት ልስላሴ ደግ ነው፣ ከልክ በላይ ሲወፍር ግን እጅ ይበልጥ እንዲጨብጥ ያስገድዳል። ፀረ ንዝረት ተብለው የሚሸጡ ጓንቶች ፈጣኑን ንዝረት ይቀንሳሉ እንጂ የመንገዱን አያቆሙም፤ ዋናው ጥቅማቸው ማሞቃቸው ነው። በመሪው ሁለት ጫፍ የሚገቡ የብረት ክብደቶችም ንዝረቱን ያረግባሉ። ከዚያ በፊት ግን ሞተሩን ከሻንሲው ጋር ያሰሩት ብሎኖች እንዳልላሉ፣ የፊት አሞርዛተሩ ዘይቱን እንዳላፈሰሰ፣ ጎማው ከልክ በላይ እንዳልተነፋ ማየት ይቀድማል። በነጂው በኩል ደግሞ ትንባሆ የሚያጨስ ሰው የደም ሥሩ ይበልጥ ይጠብበታል።

መደንዘዙ ከጉዞ በኋላ ሰዓታት ከቆየ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰ ወይም ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረ ሐኪም ማየት አለበት። የስኳር ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የአንገት ነርቭ መጫንም እጅን ያደነዝዛሉ። በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ አዳዲስ ሕሙማን የሚገኙበት ሥጋ ደዌ እንዲሁ፤ እሱ በጊዜ ከተያዘ የሚድን በመሆኑ «ሞተሩ ነው» ብሎ መዘግየት ትልቅ ጥፋት ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ንዝረት የሚያመጣው ሕመም በስም ሰፍሯል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም ፊዚካል መንስኤ ያለውን ይጨምራል። የወረዳ ባለሙያ የሚተዳደረው በዚህ ሳይሆን በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ቢሆንም፣ ለሁለቱም ዓይነት ሠራተኛ መነሻው የሕክምና ማስረጃ ነው። ስለዚህ ካርድ ያወጣ ሞተረኛ ስንት ዓመት እንደነዳ፣ በቀን ስንት ሰዓት መሪ እንደሚይዝና የትኛው ጣቱ እንደቀደመ ሳይጠየቅም ተናግሮ ያስጽፍ።