ገቢሳ ኤጄታ እና የሰሜን ወሎ ማሽላ

ገቢሳ ኤጄታ (በ1950 እ.ኤ.አ. የተወለዱ) ትውልደ ኢትዮጵያዊ የማሽላ ተመራማሪ ናቸው። ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋሙ ዝርያዎቻቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ አግኝተዋል።

የተወለዱት በምዕራብ ሸዋ፣ ወሎንኮሚ ነው። በጅማ የግብርና ትምህርት ቤት ተምረው በ1973 ከአለማያ ኮሌጅ ተመረቁ፤ በ1978 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያ ሱዳን ገብተው ያዳቀሉት ሃጊን ዱራ-1 በ1983 ተለቀቀ። አፍሪካ ውስጥ ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው ድርቅን የሚቋቋም የማሽላ ዲቃላ እሱ ነው። በ1984 ወደ ፐርዱ ተመልሰው የአቀንጭራን ምርምር ያዙ።

አቀንጭራ ምን እንደሆነ በሰሜን ወሎ ለመርሳ፣ ለጊራና ወይም ለቆቦ ገበሬ መንገር አያስፈልግም። ሐምራዊ አበባው ለዓይን ያምራል፤ ጥፋቱ ግን ከአፈር በታች ነው። ገና ሳይወጣ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃና ምግቡን ይጠባል። አበባው ሲታይ ማሽላው ተጎድቷል፤ ያን ጊዜ መንቀል የሚጠቅመው ለከርሞ ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፣ ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ አድፍጦ ይቆያል። ለምነቱ የተሟጠጠ ማሳ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ይህ ዘር ግን አንድ ድካም አለበት፦ እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ካላገኘ አይበቅልም። ገቢሳ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆነው ይህን ዘር እምብዛም የማያነቃ ኬሚካል የሚለቁ ማሽላዎችን በቤተ ሙከራ መለየት ቻሉ። የባሕርዩ ምንጭ የሆነው ዘረመል በ2017 ይፋ ሆኗል። በ1994 የተቋቋሚዎቹ ማሽላዎች ስምንት ቶን ያህል ዘር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። በኢትዮጵያ አብሽርና ጎብዬ የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ የሁለተኛው ስም በወልዲያና በቆቦ መካከል ካለችው ከተማ ጋር አንድ ነው።

በመርሳና በወልዲያ መካከል፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም የአቀንጭራን ጉዳይ ይዞ ቆይቷል፤ ሆርማትና ብርሃን ከእሱ የወጡ ዝርያዎች ናቸው። የዝርያ ምርጫ በፍሬው ብቻ እንደማይወሰን የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉት የአገሬው ማሽላዎች ቁመታቸው ረጅም ነው፤ አገዳቸው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆናል። ቶሎ የሚደርሰው አጭር ማሽላ አቀንጭራን ቢችልም አገዳው ያንሳል፤ ከሌላው ቀድሞ ስለሚያሽትም ወፍ ይወርድበታል። አንድ ዝርያ በምርምር ጣቢያው ውጤት አሸንፎ ማሳ ላይ የሚቀርበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ገቢሳም ቢሆኑ ዘሩን ብቻውን መፍትሔ አላሉትም። ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ በተካሄደው የአቀንጭራ መከላከል ሥራ ተቋቋሚው ዝርያ የቀረበው ከማዳበሪያና ዝናቡን በየትልሙ ገድቦ ከሚያስቀር እርሻ ጋር ነበር።