ያልተነካው ደመና

አንድ ነገር ባይደረግ ኖሮ ምን ይከተል ነበር ለሚለው ጥያቄ የታሪክ ተማሪ ሰነድ አያገኝለትም። ደመናን ለማበልጸግ የተነሡትንም ሊቃውንት የገጠማቸው ይኸው ችግር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቪንሰንት ሼፈር የተባለው አሜሪካዊ በ1946 ዓ.ም. ደረቅ በረዶ፥ ማለት የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ቀዝቃዛ ደመናን ወደ በረዶ ቅንጣት እንደሚለውጥ አገኘ። በዓመቱ በጥቅምት ወር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በሚነፍስ አውሎ ነፋስ ውስጥ ይኸው ደረቅ በረዶ ተበተነ። አውሎ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ የጆርጂያን ጠረፍ መታ። የኖቤል ተሸላሚው ኢርቪንግ ላንግሙር «ይህ የሥራችን ውጤት ነው» ባይ ሆነ፤ ሌሎች ተቃወሙት። ያልተነካ መንትያ አውሎ ነፋስ ስለሌለ ክርክሩ ዳኛ አጣ።

መንትያውን በስሌት ለመፍጠር ከደከሙት አንዷ ጆአን ሲምፕሰን ናት። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ በፊኛ የተለካው የአየር ሙቀትና እርጥበት ከደመናው ስፋት ጋር ለኮምፒዩተር ይሰጠዋል፤ ኮምፒዩተሩም ደመናው የሚደርስበትን ከፍታ ያሰላል። ከዚያ እንደ ገና ያሰላል፤ አሁን ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳይረጋ የቆየው ውሃ ሲረጋ የሚለቀውን ሙቀት፥ በግራም 80 ካሎሪ ያህል፥ ይጨምርበታል። የሁለቱ ከፍታ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ሲልቨር አዮዳይዱን መበተን ከንቱ ድካም ነው። ራሱን ችሎ የሚያድግ ደመና ረዳት አያሻውም፤ በላዩ ያለው አየር የከለከለውንም ረዳት አያድነውም።

በ1965 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር ላይ 23 ደመናዎች ተመረመሩ፤ 14ቱ ተበተነባቸው፥ 9ኙ ለማነጻጸሪያ ሳይነኩ ቀሩ። የተበተነባቸው በአማካይ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል በልጠው አደጉ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ዳሩ ግን ከፍታ ዝናብ አይደለም! በፍሎሪዳ ከ1970 እስከ 1976 ዓ.ም. የተደረገው የዝናብ ሙከራ ተስፋ ቢሰጥም፥ ከ1978 እስከ 1980 ዓ.ም. ሲደገም አልተረጋገጠም። አውሎ ነፋስን ለማድከም የተቋቋመው «ስቶርምፊዩሪ» የተባለው ሥራም በ1983 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በአውሎ ነፋስ ውስጥ የተፈጥሮ በረዶ ሞልቶ፥ ሊረጋ የሚችለው ውሃ ግን ጥቂት ሆኖ ተገኝቷልና።

የ1947ቱን ክርክር የፈታው ግን ኮምፒዩተር አልነበረም። የአየር መዝገቦች ኋላ ሲመረመሩ፥ አውሎ ነፋሱ መታጠፍ የጀመረው ደረቁ በረዶ ከመበተኑ በፊት ነበር።