ልጅን ለሥራ ከመላክ በፊት ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ ሕጎች

በኢትዮጵያ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 89 ተከልክሏል። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ዝቅተኛውን የመቀጠሪያ ዕድሜ 14 ዓመት አድርጎ ስለነበር፣ ዛሬም 14 ዓመት የሞላው ልጅ መቀጠር ይችላል ብለው የሚያምኑ ወላጆች አይታጡም። ይህ ግንዛቤ መታረም ይኖርበታል። የወላጅ ፈቃድም ሆነ የቤተሰብ ችግር ክልከላውን አያነሣም።

ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነው በሕጉ «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። መደበኛ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ7 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እርሱን ማሠራት ክልክል ነው። ሕይወቱን ወይም ጤናውን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራም፣ ለምሳሌ ከመሬት በታች በሚከናወን የማዕድን ማውጣት፣ ሊሰማራ አይገባም።

ወላጆችን ይበልጥ የሚያሳስተው ቅጥር የማይመስለው ሥራ ነው። «እየተማረች ቤት ታግዛለች» ተብሎ ከገጠር ወደ ከተማ ዘመድ ቤት የተላከች ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቃ የቤት ሠራተኛ ሆና ልትቀር ትችላለች። «ሙያ ይለምዳል» ተብሎ ለሸማኔ የተሰጠ ልጅም እንዲሁ ቀኑን ሙሉ ሲሸምን ይውላል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት በአዋጁ አይሸፈንም፤ ይህ ማለት ግን ልጅቱ ጥበቃ የላትም ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት ሰጥቶታል። ሕፃንን ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 መሠረት በሰው የመነገድ ወንጀል ሲሆን፣ ልጁን የሚወስደው ደላላም ሆነ ዘመድ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ መቅዳት ወይም ታናሽን መጠበቅ በራሱ ሕግ መተላለፍ አይደለም። ሥራው ልጁን ከትምህርት ካስቀረ ወይም ጤናውን ከጎዳ ግን በገዛ ቤቱ መሆኑ ጉዳቱን አያስቀርም።

ዕድሜን በተመለከተ ክርክር ሲነሣ ዋነኛው ማስረጃ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት ውስጥ በአካባቢው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ልጁ በሕገ ወጥ ሥራ ላይ መሆኑን ያወቀ ወላጅ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ፣ ለወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ይችላል። ሲያመለክት ልጁ የሚገኝበትን ቦታ፣ የወሰደውን ሰው ማንነትና የሄደበትን ጊዜ አስታውሶ ቢናገር ፍለጋው ይፋጠናል።