የነፍስ መልሕቅ፡- «ድነሃል ወይ?» ለሚለን ምን እንመልሳለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአርጆ፣ በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ደጋግሞ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ «ድነሃል ወይ?» የሚል። አካባቢው የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች በጉርብትናና በጋብቻ ተዛምደው የሚኖሩበት ነውና ጥያቄው ሁልጊዜ ለክርክር አይነሣም፤ ከወንድም ወይም ከአማት በቅንነት ሊመጣ ይችላል። ምእመኑ ግን «ድኛለሁ» ማለት ትዕቢት፣ «አላውቅም» ማለት ደግሞ እምነት ማጣት እየመሰለው ዝም ይላል። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት ለመመለስ የተዘጋጀን እንድንሆን አዝዟልና (1ኛ ጴጥ. 3፥15) ዝምታው ሊቀጥል አይገባም።

ተስፋ የሰጪውም የተቀባዩም ነው

«ተስፋ» የሚለው ቃል በግእዝም በአማርኛም ሁለት ነገር ይሸከማል። እግዚአብሔር ተስፋ ሰጠ ስንል የገባውን ቃል ማለታችን ነው፤ ሰው ተስፋ አደረገ ስንል ደግሞ በዚያ ቃል ላይ መደገፉን ነው። ስለዚህ የክርስቲያን ተስፋ «ምናልባት ይሳካልኝ ይሆናል» ከሚል ምኞት ይለያል፤ መሠረቱ የተመኘው ሰው ሳይሆን ቃል የገባው አምላክ ነውና። በጸሎተ ሃይማኖት ፍጻሜ የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ሕይወት በተመለከተ አባቶቻችን «ንሴፎ» የሚለውን ግስ ያስገቡት በዚሁ ትርጉም ነው፤ ጥርጣሬ ቢኖርበት ኖሮ በሃይማኖት መግለጫ ውስጥ ባልገባ ነበር።

የአርጆ ሰው ይህን በራሱ ቋንቋ ቢያየው ይበልጥ ይቀርበዋል። በኦሮምኛ ተስፋ «አብዲ» ነው፤ በወለጋ የተለመደው አብዲሳ የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ቃል ነው። «ኪዳን» ለሚለው ደግሞ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ የያዘው ቃል «ካኩ» ማለትም መሐላ ነው፤ ብሉይ ኪዳን «ካኩ ሞፋ»፣ ሐዲስ ኪዳን «ካኩ ሃራ» ይባላሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሲጽፍ ያስተማረውም ይህንኑ ነው፦ እግዚአብሔር ለአብርሃም ቃል መግባቱ ሳይበቃ፣ ከእርሱ የሚበልጥ ስለሌለ በራሱ ማለ። ሊዋሽ የማይችል አምላክ መማሉ ለእርሱ ሳይሆን ለእኛ ድካም ነው (ዕብ. 6፥13-18)።

ሐዋርያው ይህን ተስፋ የነፍስ መልሕቅ ይለዋል። መልሕቅ መርከብ በማዕበል እንዳይወሰድ ወደ ባሕር ወለል የሚጣል ከባድ ብረት ነው። የእኛ መልሕቅ ግን ወደ ታች አይወርድም፤ ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ እኛ ቀድሞ ወደ ገባበት፣ ከመጋረጃው ወደ ውስጥ ይዘልቃል (ዕብ. 6፥19-20)። ባሕር አይቶ የማያውቅ ምእመን መርከቡን መገመት ቢያዳግተው እንኳ መጋረጃውን ያውቀዋል፤ በቅዳሴ ጊዜ በቅድስት ቆሞ ወደ መቅደሱ ሲመለከት የሚያየው ነው።

ቃሉ ሲዘገይ

አባታችን አዳም ከገነት ሲወጣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ቃል ተገብቶለታል ብላ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና ይህ 5500 ዘመን ነው። በየዓመቱ ዘመን ሲለወጥ ባሕረ ሐሳቡ የሚሰላው ይህን ዘመን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር በመደመር ነው፤ ለ2017 ዓ.ም. 7517 ዓመተ ዓለም እንደሚባለው። የተፈጸመ ተስፋን በዘመን መቁጠሪያው ውስጥ ያኖረ ሕዝብ ስለ መዘግየት ሲያማርር የራሱን ቀመር ረስቷል ማለት ነው።

አብርሃምም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ የተወለደለት በ100 ዓመቱ ነው። ምድርን ሁሉ ተስፋ የተሰጠው እርሱ ሣራን የሚቀብርበት ስፍራ እንኳ አልነበረውምና በ400 ሰቅል ብር መቃብር ገዛ (ዘፍ. 23)። በእጁ የገባችው ርስት የመቃብር ቦታ ብቻ ነበረች። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በደረሰው ግጭት ዘመዱን የቀበረ፣ ቤቱንና ማሳውን ትቶ የወጣ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ቀስ ብሎ ያንብበው። እግዚአብሔር ልጆቹ እንደማይገደሉና እንደማይሰደዱ ቃል አልገባም፤ በዓለም መከራ እንዳለብን አስቀድሞ ነግሮናል (ዮሐ. 16፥33)። ቃል የገባው በመከራው አብሮን እንደሚሆንና ከሞት እንደሚያስነሣን ነው። ሀብትና ጤና ለአማኝ ሁሉ ተስፋ ተሰጥቷል የሚሉ ሰባክያን ያልተሰጠ ተስፋ እያከፋፈሉ፣ ሳይፈጸም ሲቀር እግዚአብሔርን ያሳማሉ።

በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን አባቶች መካከል አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አቡነ ሚካኤል ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ከወለጋ በማይርቀው በጎሬ በፋሺስት ኢጣልያ ተገድለዋል። ለወራሪው አድረው መትረፍ ይችሉ ነበር። ትንሣኤ ሙታንን የማይጠብቅ ሰው ይህን ምርጫ ሊመርጥ ይከብደዋል።

መልሱ

እንግዲህ «ድነሃል ወይ?» ለሚለው፦ ክርስቶስ በመስቀል ላይ አድኖኛል፤ በጥምቀት ልጅነትን ተቀብያለሁ፤ ፍጻሜውን ደግሞ በተስፋ እጠብቃለሁ ብለን እንመልሳለን። በተስፋ ድነናልና፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ተስፋ አይባልም (ሮሜ 8፥24)። ሦስተኛ ሰማይ የተነጠቀው ጳውሎስ እንኳ ገና እንዳልያዘ ሰው ወደ ፊት እዘረጋለሁ ብሏል (ፊልጵ. 3፥12-14)። ይህ በእግዚአብሔር ላይ ያለ ጥርጣሬ አይደለም። እርሱ ታማኝ ነው፤ ሊወድቅ የሚችለው እኛ ነን። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንዲት ሌሊት ወድቀዋል፤ አንዱ አልቅሶ ተመለሰ፣ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ታነቀ።

ጠያቂው «ታዲያ ምን ማረጋገጫ አለህ?» ቢል፣ ጌታ ሥጋውን የሚበላ ደሙንም የሚጠጣ የዘለዓለም ሕይወት እንዳለው፣ በመጨረሻውም ቀን እንደሚያስነሣው የገባውን ቃል እናሳየዋለን (ዮሐ. 6፥54)። ይህን ጥቅስ እየጠቀሱ ራሳቸው ለዓመታት ከቅዱስ ቁርባን ርቀው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸውና፣ መልሱን ከማጥናት በፊት የንስሐ አባትን ማነጋገር ይቀድማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር